ሳጥኑ ላይ የተጻፈው 48 ቮልት

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ ስለ ብሎን ማጥበቂያ ማሽን ነው። ይህን ሰምቶ የሚዘጋ ሰው ቢኖር አልቀየመውም። የእናቱን ቤት በገዛ እጁ ለማደስ የተነሣ ግን ይቆይ።

የእናቴ ቤት የጭቃ ቤት ነው፤ ከኋላው በብሎኬት የተጨመሩ ሁለት ክፍሎች አሉት። ኮርኒሱ ወርዶ በጂፕሰም ይተካል፣ የወጥ ቤቱ መደርደሪያ በችፑድ ይሠራል፣ የበሮቹ ማጠፊያ ሁሉ ይቀየራል። ሲደማመር በመቶዎች የሚቆጠር ብሎን ነው። አባቴ ይህንኑ ቤት ሲያበጅ ከካቻቪቴ ሌላ መሣሪያ አልነበረውም። የእኔ እጅ ግን የጸሐፊ እጅ ነው፤ ሃያኛው ብሎን ላይ እረፍት ይጠይቃል።

መርካቶ ስትገቡ ከሻጩ በፊት የሚያናግራችሁ ሳጥኑ ነው። አንዱ 48 ቮልት ይላል፣ ሌላው 88፣ ከዚያም የባሰው 128። እኔ ደግሞ ቁጥር ሲበዛ የምጠረጥር ሰው ነኝ። እስቲ አብረን እናስላው። የሊቲየም ባትሪው ሲከፈት በውስጡ የተደረደሩት የባትሪ ድንጋይ የሚመስሉ ትንንሽ ሴሎች ናቸው። የአንዱ ሴል መደበኛ ቮልቴጅ 3.6 ቮልት ነው፤ አምስቱ በተከታታይ ሲያያዙ 18 ይሆናሉ። ሙሉ ለሙሉ ሲሞላ አንዱ እስከ 4.2 ይደርሳል፤ አምስቱ 21 ማለት ነው። ስለዚህ አንዱ አምራች 18፣ ሌላው 20፣ ሦስተኛው 21 ብለው የሚጽፉት ብዙውን ጊዜ ያንኑ አምስት ሴል ነው። እውነተኛ 48 ቮልት ለማግኘት 13 ያህል ሴል በተከታታይ መያያዝ አለበት፤ ያን ደግሞ መዳፍ የምታህል ባትሪ አትይዘውም። ሻጩን መከራከር አያስፈልግም። ቻርጀሩን ገልብጣችሁ የሚያወጣውን ቮልት አንብቡ፤ 21 የሚል ካገኛችሁ የሳጥኑ ወሬ እዚያ ላይ አበቃ።

ዋጋ አልነግራችሁም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የዋጋ ምክር ሳይውል ሳያድር ያረጃል። አንድ ነገር ግን አይለወጥም፤ ከማሽኑ ዋጋ በፊት የባትሪውን ዋጋ ጠይቁ። ለብቻው የሚሸጥ ባትሪ ከሌለው፣ ያ ማሽን የሚኖረው የመጀመሪያው ባትሪ እስኪሞት ድረስ ብቻ ነው። ምናለሽ ተራ ብትሄዱ ሞተሩ ደህና ሆኖ ባትሪ ያጣ ማሽን ታያላችሁ። ብራንዱ ኢንግኮም ሆነ ቶታል፣ ቦሽም ሆነ ማኪታ፣ ሁለት ባትሪ አብሮ የሚሰጠውን አስቀድሙ። በፈረቃ መብራት ለሚኖር ሰው ሁለተኛው ባትሪ ቅንጦት አይደለም።

በገመድ የሚሠራው መሰርሰሪያ፣ ትራፓኖስ? ርካሽ ነው፣ ዕድሜው ረጅም ነው፣ የሞተሩ ካርቦን ሲያልቅ በትንሽ ገንዘብ ይቀየራል። ብሎኬት ለመብሳት እሱን የሚያህል የለም። ነገር ግን ብዙዎቹ በደቂቃ እስከ 2,800 ጊዜ ይሽከረከራሉ፤ የችፑድ ብሎን በዚያ ፍጥነት ሲገባ የት እንደሚቆም የሚያውቅ የለም። እኔ ለፊሸር፣ ግድግዳ ውስጥ ብሎን ለሚይዘው ፕላስቲክ፣ ቀዳዳ ከጎረቤቴ እዋሳለሁ። ውስጡ ባዶ የሆነ ብሎኬት ስትበሱ ታዲያ ትራፓኖው ላይ ያለውን የመዶሻ ምት አጥፉት፤ ግድግዳው ስስ ስለሆነ ከውስጥ በኩል ይፈረከሳል።

ሻጮቹ ኢምፓክት የሚሉት፣ እየመታ የሚያጠብቀው አለ። ባለ 18 ቮልቱ ብዙ ጊዜ ከ150 ኒውተን ሜትር በላይ ጉልበት አለው፤ ከተራው ማሽን ሦስት እጥፍ ነው ቢባል አልተጋነነም። ቆርቆሮ ሞራሌ ላይ ለሚመታ ሰው እሰየው ነው። እኔ ግን አልገዛሁትም። ሱቅ ውስጥ ቆመን ጠንካራውን የምንመርጠው ሥራው ስለጠየቀ ነው ወይስ እጃችን ውስጥ ሲያጓራ ደስ ስለሚለን? ሁለተኛው ይመስለኛል፤ በተለይ እኛ ወንዶች። ለጂፕሰም የሚያስፈልገው ተቃራኒው ነው። የብሎኑ ራስ ሰሌዳው የተለበጠበትን ወረቀት ሳይቀድ ትንሽ ጠልቆ መቆም አለበት፤ ከቀደደው ብሎኑ ሰሌዳውን አይዝም። ተራው ማሽን አንገቱ ላይ ቁጥር ያለበት ቀለበት አለው። በትንሹ ቁጥር ጀምራችሁ ጥቂት በጥቂት ከፍ ስታደርጉት፣ ልኩ ላይ ሲደርስ ቀጭ ቀጭ ብሎ ራሱ ይለቃል። ኢምፓክት በአብዛኛው ይህ ቀለበት የለውም። እኔ ገንዘቤን የሰጠሁት ለዚህ ቀለበት ነው።

የጭቃው ግድግዳ ሌላ ጣጣ አለው። ጭቃ ብሎን አይዝም፤ መሐሉ ያለውን የባሕር ዛፍ ቋሚ በማንኳኳት መፈለግ ግድ ነው። የደረቀ ባሕር ዛፍ ደግሞ ወይ ይሰነጠቃል ወይ የብሎኑን አንገት ይሰብራል። ለ5 ሚሊሜትር ብሎን በ3 ሚሊሜትር ፑንታ አስቀድሜ እበሳለሁ፤ የብሎኑን ጥርስ ሻማ ላይ አሸት አደርገዋለሁ። ከዚያ በኋላ ርካሹ ማሽን ሳያቃስት ያስገባዋል።

ማሽኑ አፍ ላይ ስለሚሰኩት ጫፎች በጣም ልናደድ እችላለሁ። ሰው በውድ ማሽን ላይ ከሳጥኑ ጋር የመጣውን ለስላሳ ጫፍ ይሰካና ብሎኑ ሲላጥ ማሽኑን ይሰድባል! መስቀለኛ ሁሉ አንድ አይደለም። የጂፕሰሙ ጥቁር ብሎን ፒኤች 2 (PH2) የሚባለውን ጫፍ ይፈልጋል። ብዙው ቢጫ የችፑድ ብሎን ግን በመስቀሉ ማዕዘኖች መካከል አራት ቀጫጭን መስመሮች አሉት፤ የእሱ ጫፍ ፒዜድ 2 (PZ2) ነው። አንዱን በሌላው ብትሞክሩት ይገባል፤ ችግሩ መግባቱ ነው፣ ሲጠብቅ ሾልኮ ሁለቱንም ይበላል። ጠንካራ ጫፍ ከየዓይነቱ ሁለት ሁለት ግዙ።

እናቴ ባትሪዎቹን ከወጥ ቤት አስወጥታልኛለች፤ ልክ ናት፣ ሙቀት አይወዱም። አሁን መኝታ ክፍል በግማሽ ተሞልተው ተቀምጠዋል። ቅዳሜ የኮርኒሱን ሞራሌ እንጀምራለን።