አደጋ በደረሰ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት

ከአራዳ፣ ከቂርቆስና ከልደታ ክፍለ ከተሞች የመጣችሁ የተከበራችሁ የጤና ባለሙያዎች፣

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ናዳ በወረደ ጊዜ፣ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ብዙ ሰዎች በተከታዩ ናዳ ተውጠዋል፤ በአደጋው ያለቀው ሰው ከ200 በላይ ነው። የጎረቤትን ጩኸት ሰምቶ መቆም ወጋችን ስላልሆነ ማንንም አልወቅስም። እናንተ ግን በቀበና፣ በግንፍሌ ወይም በባንተይቀጡ ወንዝ ዳርቻ ጎርፍ የናደው ቤት ዘንድ ስትጠሩ፣ ውኃ የጠጣው ግድግዳ መቆሙንና የኤሌክትሪክ መስመሩ መቋረጡን ከስፍራው ኃላፊ ሳታረጋግጡ እንዳትገቡ አደራ እላለሁ።

ተፈናቃዮች ትምህርት ቤት ውስጥ ሲጠለሉ የመጀመሪያው ሥራችሁ መቁጠር ነው፤ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮችና አቅመ ደካሞች ስንት እንደሆኑ ያልታወቀበት መጠለያ የሚደርሰው እርዳታ በግምት የሚታደል ነው። በእኔ እይታ በከተማችን ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጋው መድኃኒቱን ቤቱ ጥሎ የወጣው ሰው ነው። የኤችአይቪ፣ የቲቢ፣ የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ብርድ ልብስ ለመቀበል በተሰለፈበት፣ በድምፅ ማጉያ ቢጠየቅ አይናገርም፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ለብቻው፣ ዝግ ባለ ክፍል አነጋግሩ፤ በማግሥቱም ደግማችሁ ጠይቁ።

ውኃን በተመለከተ ዓለም አቀፉ ዝቅተኛ መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ነው። 400 ሰው ላለበት ትምህርት ቤት ይህ 6,000 ሊትር ይሆናል፤ ቦቴ ካልተላከ አይሞላም። መጸዳጃ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቢያንስ ለ50 ሰው አንድ፣ ቆይቶም ለ20 ሰው አንድ ያስፈልጋል። የኩፍኝ ክትባት ከ6 ወር እስከ 15 ዓመት ላሉ ልጆች ሁሉ ካርድ ሳይጠየቅ ቢሰጥ ይመረጣል፤ ሰው በተጨናነቀበት ስፍራ ኩፍኝ ፋታ አይሰጥም።

የሞት መጠን ከ10,000 ሰው በቀን 1 ሲደርስ የአደጋ ምልክት ነው የሚለው መለኪያ ለትልልቅ መጠለያዎች የተሠራ በመሆኑ፣ በትንሽ መጠለያ እያንዳንዱ ሞት ምክንያቱ ይጣራ። በአደጋ የሞተ ሰው አስከሬን ወረርሽኝ ያመጣል የሚለው ወሬ መሠረት ስለሌለው፣ ቤተሰብ ሳይለይ የጅምላ ቀብር እንዲፈጸም አትገፋፉ፤ በኮሌራ የሞተ ከሆነ ግን ጥንቃቄው የተለየ ነው።

የኮሌራ ወይም የኩፍኝ ጥርጣሬ ሲኖር የላብራቶሪ ውጤት ሳትጠብቁ በ30 ደቂቃ ውስጥ ለወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት አሳውቁ። ቁጥሩ ያልጠራ ከሆነ የተቆጠረበትን ሰዓት ጽፋችሁ ላኩት፤ ሲታረምም የታረመውን እንዲሁ ላኩ።

ከሻይ ዕረፍት በኋላ በየወረዳችሁ ሆናችሁ፣ ለመጠለያነት የሚውሉ ትምህርት ቤቶችን፣ የውኃ ታንከራቸውን መጠንና ሌሊት በራቸውን የሚከፍተውን ሰው ስልክ በተሰጣችሁ ቅጽ ላይ እንድትሞሉ እጠይቃለሁ።