ቁጥሩ ደህና ነው ብላችሁ አትተኙ፦ ስለ አጥንት መሳሳት ለጠየቃችሁኝ

«ዱባይ ነው የምሠራው። አብራኝ የምትሠራ ፊሊፒናዊት አለች፤ 61 ዓመቷ ነው፣ 48 ኪሎ ትመዝናለች። ለእስያ ሴቶች የወጣ የአጥንት መሳሳት መለያ አለ ትላለች። እውነት ነው?»

እውነት ነው እህቴ። ኦስታ ይባላል። በ2001 ነው የወጣው፤ ፊሊፒንስን ጨምሮ በ8 የእስያ አገሮች የወር አበባቸው የቆመ ሴቶች ተጠንተው ማለት ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። ከኪሎዋ ላይ ዕድሜዋን ቀንሺ፣ የቀረውን በ0.2 አባዢ፣ ከነጥብ በኋላ ያለውን ተይው። የጓደኛሽ -2 ይመጣል። ከ-1 በላይ ከሆነ ስጋቱ ዝቅተኛ ነው፣ ከ-1 እስከ -4 መካከለኛ፣ ከ-4 በታች ከፍተኛ። እሷ መሃል ላይ ናትና የአጥንት ጥግግት ምርመራ ታድርግ። ግን ልብ በሉ፣ ቁጥሩ ወንፊት እንጂ ምርመራ አይደለም። በጥናቱ አጥንታቸው ከሳሳ 100 ሴቶች 91ዱን ለይቷል፤ 9ኙ አምልጠውታል። አጥንታቸው ደህና ከሆነውም ከግማሽ በላዩን ተመርመሩ ብሏል።

«32 ዓመቴ ነው፣ ስሌቱን ልሥራው?»

አይ፣ ላንቺ አልተሠራም።

«አዲስ አበባ ላለችው እናቴስ ይሆናል?»

መስመሮቹ የተሰመሩት በእስያ ሴቶች ነው። አሜሪካ ውስጥ ያንኑ ስሌት ሲጠቀሙ መስመሩን 2 ላይ ነው ያደረጉት፤ ከዚያ በታች የሆነች ትመርመር ይላሉ። ስለዚህ የሌላውን አገር መስመር ወስዳችሁ እናታችሁን ነፃ አታድርጓት። ዕድሜ መግፋትና መቅጠን አጥንትን ለስጋት ማጋለጣቸው ግን የትም አንድ ነው።

«እናቴ 66 ዓመቷ ነው። ለጉልበቷ ከፋርማሲ ዴክሳሜታሶን እየገዛች ከወሰደች ዓመት አለፋት። 54 ኪሎ ነበረች፣ አሁን 68 ገብታለች፣ አምሮባታል። ስሌቱም ስጋቷ ዝቅተኛ ነው አለኝ። ደስ ብሎኛል።»

ልጄ፣ እኔ ግን ደነገጥኩ። በ54 ኪሎ ብታሰላው -2 ይመጣ ነበር። በ68 ግን 0 መጣልህ። አጥንቷ ጠንክሮ አይደለም፣ መድኃኒቱ ኪሎዋን ስለጨመረ ነው! ያው መድኃኒት ከውስጥ አጥንቷን እየበላ ከውጭ ቁጥሯን አሳመረው። ስሌቱ ኪሎና ዕድሜ እንጂ መድኃኒት አይጠይቅም። ዴክሳሜታሶንና ፕሬድኒሶሎን ሦስት ወርና ከዚያ በላይ ሲወሰዱ አጥንትን ከሚያሳሱ ዋና ምክንያቶች ውስጥ ናቸው። ስኳርና ደም ግፊትም ያመጣሉ። ስንቷ እናት ናት ሕመም ያስታግሳል፣ ያወፍራል ተብላ ያለ ሐኪም ማዘዣ የምትውጠው! ፊት ሲሞላ ጤና ይመስላችኋል፤ አይደለም። ጎረቤት የሰጣችሁን ኪኒን አትዋጡ፣ የምትሸጡም እባካችሁ አትሽጡ። ደግሞ ይህን ሰምተህ ዛሬውኑ እንዳታስቆማት! ሰውነቷ የራሱን ሆርሞን መሥራት ስለሚቀንስ በድንገት ማቆም ራሷን እስከመሳት፣ ለሕይወቷም እስከማስጋት ሊያደርስ ይችላል። ቀስ ተብሎ የሚቀነሰው በሐኪም ነው። በዚህ ሳምንት ውሰዳት፣ ኪኒኑን ከነካርቶኑ ይዘህ።

«ምንም አያመኝም፣ አጥንቴ ደህና ነው ማለት ነው?»

አይደለም። የሳሳ አጥንት እስኪሰበር ድረስ ላያም ይችላል።

«አክስቴ ቁመቷ አጥሯል፣ ጀርባዋም ጎብጧል። ግን ስሌቱ ጥሩ ነው።»

ስሌቱን ተይው። የጀርባ አጥንቷ ሳይታወቃት ተሰብሮ ሊሆን ይችላል። ወጌሻም አይሻት። ራጅ ያስፈልጋታል፤ የአጥንት ሐኪም ጋ ውሰጃት።