አልነካሁም ጋሼ

እየቀዳ ነው? አዎ፣ እየቀዳ ነው። ሰላም ናችሁ ወገኖቼ። ዛሬ ስለ ቤት ኪራይ አወራለሁ ብዬ ነበር፤ ይቆየን። ያው የምለውን እንደማላደርግ ለምዳችሁታል። ከማክሰኞ ጀምሮ አንድ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ገብቶ አልወጣ ብሎኛል። ትንሽ ነገር ናት። ስነግራችሁ ትስቃላችሁ። ሳቁ።

80 ኪሎ ገፋሁ። ቤንች ላይ፣ በጀርባዬ ተኝቼ ብረት።

ቆይ፣ አታጨብጭቡ። ችግሩ እሱ ነው። ገፍቼው ይሁን አይሁን አላውቅም።

ጂም አብሮኝ ከሚሠራው ልጅ፣ ከኩንታል ጋር ነበርኩ። ኩንታልን ታውቁታላችሁ፣ ከእናንተ ግማሹ ከእኔ ይልቅ እሱን እንደምትወዱት አስተያየት ላይ አይቻለሁ፤ ቅር አይለኝም። ትንሽ ይለኛል። እና ጂም ገባን። ደብረ ማርቆስ በዚህ ሰሞን ማታ ማታ ብርዱ አይጣል ነው፣ ብረቱን ስትይዙት እጅ ይቆነጥጣል። ብረቱ ባዶውን 20 ኪሎ ነው። በግራ በቀኝ 20፣ 20 ኪሎ ጎማ አስገባን። 60። እሱን አምስት ጊዜ ገፋሁ፣ በሰላም። ኩንታል ምንም ሳይለኝ በየጎኑ 10 ጨመረ። "ይሞክሯታል ጋሼ?" አለኝ። ሴት አደረጋት፣ ትንሽ እንድትመስለኝ።

ተኛሁ። አወጣሁት። ወረደ። ደረቴን ነካ። እስከዚህ የእኔ ነው፣ ይሄን ማንም አይወስድብኝም። መግፋት ጀመርኩ። ከደረቴ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አለና ቀጥ። የምትገፉ ያቺን ቦታ ታውቋታላችሁ። ብረቱ ወደ ላይም አይሄድም፣ ወደ ታችም አይመለስም። እግሬ ይንቀጠቀጣል። ኩንታል ራስጌዬ ቆሟል፣ "ግፋ! ግፋ! ግፋው!" ይላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ኩንታል በዕድሜ ከእኔ በአስራ ምናምን ዓመት ያንሳል። አንቱ ነው የሚለኝ። አንቱ አትበለኝ ብዬ ስንቴ ለመንኩት። "እሺ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" ይለኛል። (ሳቅ) ምን ታደርጉታላችሁ። አንተ የምባለው ብረት ስር ስሆን ብቻ ነው። ብረቱ ላይ ሲጨንቀኝ "ግፋ!" ይላል፣ ብረቱ ቦታው ሲመለስ "ጎበዝ፣ በርቱ ጋሼ" ይላል። ደስ ይለኛል ያ ነገር። ለምን እንደሆነ እንጃ። እዚያ ስር እኩያው የሆንኩ ይመስለኛል መሰለኝ።

እና... የት ነበርኩ? ቀጥ ብሏል። ከዚያ ወጣ። ዝም ብሎ ሽው ብሎ ወጣ። መስቀያው ላይ አሳረፍኩት። እንዴት እንደጮህኩ አትጠይቁኝ፤ ጥግ ላይ ያሉት ልጆች ሁሉ ዞሩ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቅኩ። ባልጠይቅ ምን ነበረበት?

"ነካኸው እንዴ?"

"ኧረ አልነካሁም ጋሼ። እርስዎ ነዎት።"

በቃ። እዚያ ላይ ማለቅ ነበረበት። ግን ስልኬን ሃይላንድ ላይ አስደግፌ እየቀረጽኩ ነበር፣ እናንተ ናችሁ ቪዲዮ የምትሉኝ። ማታ አልጋ ላይ ሆኜ አየሁት። አንዴ አየሁት። ሁለቴ አየሁት። ከዚያ መቁጠር ተውኩ። የእኔ ጭንቅላትና አንዱ ጎማ ይጋርዳሉ። የሚታየው የግራ እጁ ጣቶች ብቻ ናቸው። ከብረቱ ስር ናቸው። ስር ናቸው ማለት ነክተዋል ማለት አይደለም፤ የሚይዝላችሁ ሰው እጁን እዚያ ነው የሚያዘጋጀው። ባለቤቴ ነቃችና "ምን እያየህ ነው?" አለችኝ። "ጣት" አልኳት። ዞራ ተኛች።

ግን ድምፁ። ድምፁን ከፍ አድርጌ ሰማሁት። "ግፋ፣ ግፋ፣ ግፋው..." ከዚያ ዝም። ሁለት ሰከንድ ያህል ዝም ይላል። ብረቱ የሚወጣው በእነዚያ ሁለት ሰከንዶች ነው። ከዚያ "ኡፍ" ይላልና "ጎበዝ ጋሼ!"

ሰው ትንፋሹን የሚይዘው መቼ ነው? ከባድ ነገር ሲያነሳ ነው።

ወይም ሲጨነቅ። እሱም አለ። ሰው ሲጨነቅም ትንፋሹን ይይዛል።

ደግሞ ሂሳቡን ሠራሁት። 80 ቀጥ አለብኝ ማለት 80ን ሙሉ አነሳልኝ ማለት አይደለም። እኔ 76 ያህሉን እየገፋሁ ከሆነ የጎደለኝ 4 ኪሎ ነው። ይሄ ልጅ ቀኑን ሙሉ እህል ተራ ጫኝና አውራጅ ነው። 100 ኪሎ ጤፍ ከአይሱዙ ላይ ተቀብሎ በትከሻው ይዞ ይሮጣል። ሁዳዴ ላይ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምስ ነው ይሄን የሚያደርገው፤ እኔ ሽሮዬን በልቼ ስልኬ ላይ ፕሮቲን ስቆጥር። ለእሱ 4 ኪሎ ምንድን ነው? ማንሳቱንም ላያውቀው ይችላል እኮ። "አልነካሁም" ሲል እውነቱን ይሆናል። ወይም ታላቅን ማሳፈር ነውር ነው ብሎ ነው። ያደገበት ነዋ።

እና በዚህ በኩል ተናደድኩ። አዎ፣ ተናድጃለሁ። ልጅ ነኝ እንዴ?

ሌላ ደግሞ አለ። ተራው ሲደርስ እሱ 120 ይገፋል። ራስጌው የምቆመው እኔ ነኝ። "ይያዙልኝ ጋሼ" ብሎ አይኑን ጨፍኖ ይተኛል። ምን ልይዝለት? ደረቱ ላይ ቢቀርበት እኔ ምን አባቴ ላደርግ ነው? ልጆቹን ልጠራ ነው። እኛ አገር ወንፈል አለ፣ የዛሬውን ቀን ለእኔ፣ የነገውን ለአንተ። አንድ አንድ በሬ ያላቸው መቀናጆ ይገባሉ። ግን አንዱ በሬ እንደዚያ ከሆነ፣ ሌላኛው እንደዚህ ከሆነ... (ሳቅ) ራሴን በሬ አደረግኩት። ከበሬነትም ከሲታው። ማለቴ፣ እኔ ለእሱ የምመልሰው ቀን የቱ ነው? አንዴ ጠይቄው "ብቻዬን ስሆን አልመጣም ጋሼ" አለኝ። ይሄም ለክብሬ ይሁን እውነት ይሁን እንጃ። አያችሁ? አሁን የሚለኝን ሁሉ መመርመር ጀምሬያለሁ።

አባቴ በመጨረሻው ዓመት እሁድ እሁድ ማርቆስ ይዤው እሄድ ነበር። ያቺን ዳገት ታውቋታላችሁ። ክንዱን ከያዝኩት ይቆጣል። ስለዚህ ከኋላ የጋቢውን ጫፍ እይዛለሁ። ወደ ፊት ሲያዘነብል ሳብ አደርጋለሁ። አንድ ቀን ቆም አለና ሳይዞር "ይዘኸኛል እንዴ?" አለኝ። "ኧረ አልያዝኩም አባዬ" አልኩት።

ምንም አላለም። ጋቢውን አስተካከለና ሄደ። አውቆ ይሁን...

ይሄን ለምን እንዳነሳሁት አላውቅም። ተዉት። ላወራው አልነበረም።

እና ነገ ሐሙስ ነው፣ ቤንች ነው። እጅህን ኋላህ አድርግ ልለው አስቤ ነበር። ከዚያ ደረቴ ላይ ቢቀርስ? ብቻዬን ልሞክረው ብዬም አስቤ ነበር፤ ብቻውን የሚገፋ ሰው የጎማዎቹን ማቆሚያ አያስርም፣ ቢቀርበት ብረቱን አዘንብሎ ጎማዎቹን ወደ ጎን ያፈሳል። እሱን ስገምት ድምፁ ገና ካሁኑ አሳፈረኝ።

ደግሞ ቅድም መልእክት ላከልኝ፣ ይሄን ልቀዳ ስቀመጥ። ላንብብላችሁ። "ጋሼ እንዴት ዋሉ፣ ነገ 85 እንሞክራታለን?" ይላል። እንሞክራታለን። እና የጡንቻ ምስል አለው፣ ሁለት።

"እሺ" ብዬ ጽፌያለሁ። ግን አልላክሁትም። ይኸው እዚህ አለ፣ እሺ ይላል...