ንግዳችን ፈር እንዲይዝ
(በደብረ ማርቆስ ለአነስተኛ ንግድ ባለቤቶች የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የዛሬው ጉባኤ ታዳሚዎች፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ እኅቶቼና ወንድሞቼ፤

እንድናገር ስጋበዝ የተሰጠኝ ርእስ «የንግድ ሥራ አቅጣጫ» የሚል ነበር። እኔ ግን ካደግሁበት ቤት የመጣውን ቃል፣ «ፈር»ን መርጫለሁ። አባቴ በቢቸና አካባቢ ጤፍ አራሽ ነበር። የጤፍ መሬት አራትና አምስት ጊዜ እንደሚታረስ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። በሬው ፈር ሲለቅ አባቴ ጅራፉን ከማንሣቱ በፊት እርፉን የያዘበትን የራሱን እጅ ይመለከት ነበር። ንግዴ ፈር የለቀቀ ጊዜ እኔ በመጀመሪያ የወቀስሁት ገበያውን፣ ቀጥሎ ደንበኛውን፣ ከዚያም ግብሩን ነበር፤ እጄን ያየሁት በመጨረሻ ነው።

የባልትና ሱቄን የከፈትሁት ዛሬ ጸደይ ባንክ ከሆነው ከያኔው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በወሰድሁት አነስተኛ ብድር ነው። ስጀምር የምሸጠው በርበሬና ሽሮ ብቻ ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ግን ቅቤና ማር ገቡ፤ የሞባይል ካርድ ተጨመረ፤ መስከረም ሲመጣ የተማሪ ደብተር፣ ጥር ሲመጣ የሰርግ ዕቃ ኪራይ ተከተለ፤ ከበሩ ፊት ለፊትም ረከቦት ዘርግቼ ቡና አፈላ ጀመር። እያንዳንዱን ስጨምር በቂ የሚመስል ምክንያት ነበረኝ፤ እውነተኛው ምክንያት ግን ጎረቤቴ ሲያተርፍበት ማየቴ ነው። ሱቁ ከጠዋት እስከ ማታ ሰው አይለየውም ነበር። ሆኖም ሐምሌ ገብቶ ዓመቱን ስዘጋ በእጄ የሚቀር ገንዘብ አልነበረም፤ የት እንደገባም ማስረዳት አልችልም ነበር።

ያን ጊዜ ያደረግሁት ነገር ቀላል ነው፤ ለመጽናት ግን ከባድ ነበር። አንድ ባለ መስመር ደብተር ገዝቼ ለሦስት ወር ያህል የሸጥሁትን ሁሉ ጻፍሁ፤ ምን እንደ ተሸጠ ብቻ ሳይሆን ማን እንደ ገዛ፣ በእጅ ይሁን በዱቤ፣ የዕቃው ዋጋ ሲቀነስም ምን እንደ ተረፈ መዘገብሁ። ደብተሩ የነገረኝን ብዙውን አልጠበቅሁትም። ሰውን ወደ ሱቄ የሚያመጣው የሞባይል ካርድ ከሁሉ ያነሰ ትርፍ ነበረው። ቅቤው ገንዘቤን ይዞ ይቀመጥና ሲበላሽ በርካሽ ይሸጣል። የሰርግ ዕቃው ተሰብሮና ጠፍቶ ይመለሳል፤ ተከራዩም ብዙ ጊዜ ዘመድ በመሆኑ «ክፈል» ለማለት ይሉኝታ ይይዘኛል። ቀስ ብሎ የሚሸጠው በርበሬ ብቻ ቤቱን ተሸክሞት ኖሯል።

ከዚህም በላይ ያስደነቀኝ ገዥው ማን እንደ ሆነ ማወቄ ነው። ለዓመታት ደንበኞቼ የሰፈሬ ባለትዳሮች እንደ ሆኑ አምን ነበር። ነገር ግን በአገራችን ሙያ ያላት እመቤት በርበሬዋን ራሷ ቀንጥሳ፣ ራሷ ደልዛ፣ ቅመሙንም በራሷ ልክ አዘጋጅታ ታስፈጫለች እንጂ የተዘጋጀ አትገዛም፤ ብትገዛም ደብቃ ነው። የእኔ ገዥዎች ጊዜ ያጡት ነበሩ፤ መምህራን፣ ነርሶች፣ ተከራይተው የሚኖሩ ወጣት ሠራተኞች፣ እንዲሁም አዲስ አበባ ላለ ልጃቸው በአውቶቡስ ስንቅ የሚልኩ እናቶች። እነዚህ ሰዎች ከእኔ የሚፈልጉት ርካሽ በርበሬ ሳይሆን እናታቸው ቤት የለመዱትን በርበሬ ነው። ይህን ከተረዳሁ በኋላ ምን እንደምጨምር መጠየቄን ትቼ ምን እንደምተው መጠየቅ ጀመርሁ።

መተው ቀላል እንዳይመስላችሁ። ካርዱን ስተው የብዙ ሰው የየቀን ሰላምታ ቀርቶብኛል፤ የሰርግ ዕቃውን ስሸጥ አንዲት አክስቴ ለረጅም ጊዜ አኩርፋኛለች። ጊዜዬና ገንዘቤ ወደ አንድ ቦታ ሲሰበሰቡ ግን ቀድሞ ያላየሁትን ማየት ቻልሁ። ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም አካባቢ የሚመጣውን በርበሬ ነጋዴው እስኪያመጣልኝ ከመጠበቅ፣ ምርቱ ወደ ገበያ በሚወጣበትና ዋጋው በሚረጋጋበት ወቅት ራሴ ሄጄ መግዛት ጀመርሁ። በደንብ ያልደረቀ ዛላ በላስቲክ ወይም በማዳበሪያ ከረጢት ታፍኖ ሲቀመጥ እንደሚሻግት፣ ሻጋታውም አፍላቶክሲን የተባለውን መርዝ ሊያመጣ እንደሚችል፣ ቀለሙም ሽታውም ሳይለወጥ ጉዳቱ አስቀድሞ ሊጀምር እንደሚችል ተማርሁ። ስምንት ዓይነት ሸቀጥ የያዘ ሰው ይህን ሁሉ የሚማርበት ጊዜ ከየት ያገኛል?

የሒሳቡም ነገር እንዲሁ ነው። ለምሳሌ ያህል 100 ኪሎ ዛላ በርበሬ ኪሎውን በ400 ብር ገዛን እንበል። ከቅንጠሳውና ከማድረቁ በኋላ ግንዱ፣ የተበላሸው ፍሬና እርጥበቱ ተቀንሶ 80 ኪሎ ቢቀረን፣ የቀንጣሿ ዋጋ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ ኮረሪማው፣ በሶብላውና የወፍጮው ሒሳብ ሳይገባ ኪሎው 500 ብር ሆኖብናል። ብዙዎቻችን ግን ዋጋ የምንተምነው በ400ው ላይ ትንሽ ጨምረን ነው፤ ጎረቤት የሚሸጥበትን ሰምተን የምንሸጥም አለን። እኔም ለዓመታት እንዲህ አድርጌ ነበር፤ የጠፋው ገንዘቤ ከተገኘባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው ነው።

ሌላው ቦታ ጓዳዬ ነበር። የሱቁና የቤቱ ገንዘብ በአንድ መሳቢያ ሲያድር ለለቅሶ፣ ለተዝካር፣ ለእድርና ለማኅበር የሚወጣው ሁሉ ከበርበሬው ዋና ይወጣል። ከማኅበራዊ ኑሯችን እንውጣ አልልም፤ ማንም ጎጃሜ ይህን ምክር አይሰማኝም፤ እኔም ብሰጠው አፍርበታለሁ። ያደረግሁት ለራሴ ወርሃዊ ደመወዝ መቁረጥ ነው። ለቅሶ የምደርሰው ከደመወዜ ነው፤ እቁቤንም የምጥለው ከዚያው ነው። የቴሌብር ሽያጭ የሚገባበትን ስልክ ከግል ስልኬ መለየቴም ለዚሁ ረድቶኛል።

አንዱን ነገር ይዞ መቆየት ግን ዓይንን መጨፈን አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ማሸጊያው ላስቲክ ሳይቀር ተወዷል። መንገድ በሚዘጋበት ጊዜ ደግሞ የአዲስ አበባው ስንቅ ቆመ። ያን ጊዜ ወደ ካርዱና ወደ ተማሪ ደብተሩ ሽያጭ ልመለስ ልቤ ተነሥቶ ነበር። ቁጭ ብዬ ሳስበው ግን የተዘጋብኝ መንገድ እንጂ ሙያዬ አልነበረም። ስለዚህ ያንኑ በርበሬና ያንኑ ሽሮ ይዤ እዚሁ ከተማ ወዳሉ ምግብ ቤቶች ሄድሁ። ለእነርሱ የሚስማማው ማሸጊያም፣ የክፍያ ቀንም የተለየ ስለ ሆነ ብዙ አስቸግሮኛል። ረቡዕና ዓርብ ሲደርሱ፣ ይልቁንም በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ሽሮ እንዴት እንደሚፈለግ ሳይ ግን ግዢዬን በጾም አቆጣጠር ማቀድ ለመድሁ። ከክረምቱ በፊት በቂ ካላዘጋጀሁ ነሐሴ ላይ በርበሬ የማደርቅበት ፀሐይ እንደማይኖረኝም አውቃለሁ።

አሁን ደግሞ አዲስ ፈተና ገጥሞኛል። ወዳጆቼ የራሴን ወፍጮ እንድተክል ይመክሩኛል። ምክራቸው ከንቱ አይደለም፤ ወረፋ መጠበቁ ይቀርልኛል፤ ጤፍ ከተፈጨበት ወፍጮ የሚመጣው ድብልቅም ይቀራል። ሆኖም ወፍጮ ሥራ ፈትቶ እንዳይውል የሰው እህል መቀበል ሊኖርብኝ ነው፤ ያን ጊዜ ቀኔ የሚውለው በርበሬ በመምረጥ ሳይሆን ወረፋ በማስከበር፣ መብራት ሲጠፋ ደንበኛ በማረጋጋትና ጠጋኝ በመፈለግ ይሆናል። ለወፍጮ ቤት የምከፍለው ዋጋና የማጠፋው ሰዓት በደብተሬ እየተጻፈ ነው። ሰኔ 30 ዓመቱን ስዘጋ ደምሬ እወስናለሁ። ከእናንተ መካከል ወፍጮ ያላችሁ ካላችሁ ከዚህ ጉባኤ በኋላ ስለ መብራቱና ስለ ጥገናው ወጪ ብታነጋግሩኝ ትልቅ ውለታ ትውሉልኛላችሁ።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።