ፊቱን የማናየው ድምፅ

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬ የምናገረው በየዓመቱ ለደቡብ ህንድ ፊልሞችና ለፊልም ሙዚቃቸው ስለሚሰጠው ሽልማት ነው፤ ሙሉ ስሙ ሳውዝ ኢንዲያን ኢንተርናሽናል ሙቪ አዋርድስ ነው፤ በአጭሩ ሲማ ይባላል። ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ዱባይ በአንድ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ስሠራ፣ አጠገቤ ቆመው አንሶላ የሚተኩሱ፣ ከደቡብ ህንድ ከኬረላ የመጡ ሴት ነበሩ። ሁላችንም ቼቺ እንላቸው ነበር። በማላያላም ቋንቋ ታላቅ እህት ማለት ነው፤ እኔ በልቤ እትዬ እያልኩ እተረጉመው ነበር። ስልካቸውን ከጠረጴዛው ጫፍ አስደግፈው ቀኑን ሙሉ ዘፈን ያሰማሉ። አንድ ቀን «ይህ የህንድ ፊልም ዘፈን ነው አይደል?» ብላቸው ካውያቸውን አቁመው «የየትኛው ህንድ?» ሲሉ መልሰው ጠየቁኝ።

የምመልሰው አልነበረኝም። ሀገር ቤት የህንድ ፊልም ስንል በአብዛኛው የምናስበው የቦምቤይን የሂንዲ ፊልም ነው። ቼቺ ግን የደቡቡን አራት ቋንቋዎች ከነግዛቶቻቸው በጣታቸው እየቆጠሩ አስረዱኝ፦ ቴሉጉ የአንድራ ፕራዴሽና የቴላንጋና፣ ታሚል የታሚል ናዱ፣ ካነዳ የካርናታካ፣ ማላያላም የኬረላ። አራቱም የድራቪዲያን ቤተሰብ ቋንቋዎች ስለሆኑ እርስ በርሳቸው ዝምድና አላቸው፤ ከሂንዲ ጋር ግን የዘር ሐረጋቸው የተለያየ ነው። እያንዳንዱ ቋንቋም የራሱ ተዋናይ፣ የራሱ ዜማ ደራሲና የራሱ ተመልካች አለው።

ይሁን እንጂ ታሪካቸው አንድ ላይ የተጠላለፈ ነው። በ1931 የወጣው የደቡቡ የመጀመሪያ ድምፅ ያለው ፊልም «ካሊዳስ» በአብዛኛው ታሚል ቢሆንም፣ ቴሉጉና ሂንዲም ይነገርበት ነበር። ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት የአራቱ ቋንቋዎች ፊልም በብዛት ይሠራ የነበረው ዛሬ ቼናይ በምንላት በማድራስ ስቱዲዮዎች ነው። የቴሉጉዋ ሃይደራባድ፣ የካነዳዋ ቤንጋሉሩና የማላያላሟ ኮቺ የየራሳቸውን የፊልም ቤት የሠሩት ቀስ በቀስ ነው። ሲማ አራቱን በአንድ መድረክ መልሶ የሚያገናኝ ድግስ ሆኖ የሚታየኝም ለዚህ ነው። የመጀመሪያው በሰኔ 2012 በዚያው በዱባይ ተካሄደ። ዝግጅቱ ሁለት ሌሊት የሚፈጅ ሲሆን ቋንቋዎቹን ሁለት ሁለት አድርጎ ይከፋፍላቸዋል፤ አንዱን ከሌላው ሳያወዳድር ለእያንዳንዱ የራሱን ሙሉ ሽልማት ይሰጣል። ይህን አሠራር ከልቤ አከብረዋለሁ፤ የማላያላም ዘፈን በቴሉጉ ሚዛን ቢመዘን ማንም ፍርዱን አምኖ የሚቀበል አይመስለኝም።

በመስከረም 2023 ድግሱ ከእኛ መኖሪያ ብዙም በማይርቀው በዱባይ የዓለም ንግድ ማዕከል ሲካሄድ፣ እኛ ከሥራ ወጥተን አልጋ ላይ ተቀምጠን በቼቺ ስልክ ቁርጥራጭ ቪዲዮዎቹን እናይ ነበር። ታላላቅ ተዋንያን ሲመጡ ቼቺ ዝም ብለው ያያሉ። ዘፋኝ ሲጠራ ግን ድምፁን ከፍ ያደርጉና ወደ ስልኩ ጠጋ ይላሉ። ምክንያቱን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ ከንፈሩን የሚያንቀሳቅሰው ተዋናይ አብዛኛውን ጊዜ ዘፋኙ አይደለም። ዘፈኑን ቀድሞ በስቱዲዮ የቀዳው ሌላ ሰው ነው፤ ፕሌይባክ ዘፋኝ ይሉታል። ቼቺ ዕድሜያቸውን ሙሉ በዘፈኖቹ ሲያለቅሱና ሲስቁ የኖሩት ፊታቸውን ከማያዩአቸው ሰዎች ጋር ነበር፤ ያ ሌሊት ፊታቸውን የሚያዩበት ነው።

እነዚህ ድምፆች ደግሞ የቋንቋ ድንበር አያግዳቸውም። በ2020 ያረፈው ኤስ. ፒ. ባላሱብራማንያም የቴሉጉ ተወላጅ ሲሆን፣ የህንድን ብሔራዊ የፊልም ሽልማት ስድስት ጊዜ ያገኘው በአራት ቋንቋዎች ማለትም በቴሉጉ፣ በታሚል፣ በካነዳና በሂንዲ ዘፍኖ ነው። በሰው ቋንቋ ዘፍኖ የሰውን እናት ማስለቀስ ምን ዓይነት ጆሮና ምን ዓይነት ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ሳስብ ይገርመኛል።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ልቤን የያዘው ጉዳይ ይህ ነውና። በዚያው በ2023 በመጋቢት «ናቱ ናቱ» የተባለው የቴሉጉ ዘፈን ኦስካር አሸንፎ ነበር። ሐውልቱን የተቀበሉት ዜማውን የደረሰው ኤም. ኤም. ኪራቫኒና ግጥሙን የጻፈው ቻንድራቦስ ናቸው። ዘፈኑን የዘፈኑት ራሁል ሲፕሊጉንጅና የኪራቫኒ ልጅ ካላ ባይራቫ በዚያው መድረክ ላይ ቆመው አዳራሹን ቢያናውጡም፣ የኦስካር ደንብ የዘፈን ሽልማቱን ለደራሲዎቹ እንጂ ለዘፋኙ አይሰጥም። ህንድ ውስጥም ቢሆን ይህ መብት እንዲሁ የተገኘ አይደለም። በ1950ዎቹ ዝነኛዋ የሂንዲ ፊልም ዘፋኝ ላታ ማንጌሽካር ለዘፋኞች ሽልማት ስላልነበረ ፊልምፌር በተባለው የፊልም ሽልማት ሥነ ሥርዓት ላይ አልዘፍንም አለች፤ ለዘፋኝ የሚሰጠው ሽልማት የተጀመረው በ1959 ሲሆን፣ የመጀመሪያዋ ተሸላሚም እሷው ራሷ ሆነች። ዛሬ በሲማ ለዜማ ደራሲ፣ ለግጥም ጸሐፊ፣ ለወንድ ዘፋኝና ለሴት ዘፋኝ በየቋንቋው ለየብቻ ይሸለማል፤ የአራቱ ቋንቋ ሲደመር ለሙዚቃ ብቻ 16 ሽልማት ማለት ነው።

የማልስማማበት ነገርም አለ። በሲማ እጩዎቹን ባለሙያዎች ከመረጡ በኋላ አሸናፊውን ለመለየት የሕዝብ ድምፅ ይጠየቃል። በአማርኛችን የዘፋኙም ድምፅ የመራጩም ድምፅ በአንድ ቃል ነው የሚጠራው፤ ነገር ግን ሁለተኛው የመጀመሪያውን ሊውጠው ይችላል። ብዙ አድናቂ ያለው ኮከብ የተወነበት ፊልም ዘፈኑንም አብሮ ይሸከመዋል፤ የትንሽ ፊልም ዘፋኝ ግን የሚሸከመው የለም።

ለዚህም ነው የናንጂያማን ነገር የማልረሳው። ናንጂያማ በኬረላ አታፓዲ በተባለ አካባቢ የምትኖር የኢሩላ ጎሣ ሴት ናት። የሙዚቃ ትምህርት ቤት ሳትገባ፣ ከብት እያገደች የምታንጎራጉረውን በራሷ ቋንቋ ለአንድ የማላያላም ፊልም ዘፈነችው፤ ግጥሙም የራሷ ነው። በ2022 የህንድ ብሔራዊ ሽልማት የዓመቱ ምርጥ ሴት ዘፋኝ ብሎ ሲሰይማት፣ የተማረ ድምፅ እያለ እንዴት ለእሷ ይሰጣል ያሉ ሙዚቀኞች ነበሩ። ቼቺ ያንን ክርክር ሲሰሙ በጣም ተቆጡ። «ስንት ዓመት ለተማሩት ሲያጨበጭቡ ኖሩ፤ አንድ ቀን ለእሷ ቢያጨበጭቡ ምን ይጎድልባቸዋል?» አሉኝ። እኔም ከእሳቸው ጋር ነኝ። ሥልጠና ድምፅን ያስተካክላል፤ ያቺ ሴት ከሜዳ ያመጣችውን ግን ስቱዲዮ አይወልደውም።

መዘግየትም እንደ መርሳት ያማል። የደቡብ ፊልሞች ዘፋኝ ኤስ. ጃናኪ በ2013 የህንድ መንግሥት ፓድማ ቡሻን የተባለውን ከፍተኛ ክብር ሲሰጣት አልቀበልም ብላለች፤ ክብሩ እንደዘገየና የደቡብ አርቲስቶችም የሚገባቸውን እንዳላገኙ ተናግራለች። ይህን ያለችው በሺዎች የሚቆጠሩ ዘፈኖችን ዘፍና፣ 70 ዓመቷን ካለፈች በኋላ ነው።

ቼቺ ዛሬ ኬረላ ተመልሰዋል። መስከረም ሲደርስ ቪዲዮዎቹን በዋትስአፕ ይልኩልኛል፤ ተዋንያኑን ይዘልሉና የዘፋኞቹን ብቻ ነው የሚልኩት፣ ከሥሩም የእያንዳንዱን ስም በድምፃቸው ቀስ ብለው ይነግሩኛል፣ እኔም ስሙን በትክክል እስክጠራው ድረስ ደጋግሜ እልክላቸዋለሁ።