ሁለተኛው ማሽን ሲመጣ

እንደምን አደራችሁ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ። ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ኦፐሬቲንግ ሲስተም ዛሬ ለምትጀምሩ ልጆች የሆነ ነገር ንገርልን ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ነው የመጣሁት። ቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ።

ትእዛዝ በመሸምደድ ብቻ ሰርቨር፣ ማለትም ሌሎች ማሽኖችን የሚያገለግል ኮምፒውተር፣ ማስተዳደር አይለመድም። አንድ ላፕቶፕ ላይ ኡቡንቱ የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት ጭናችሁ ወር ሙሉ ልትለማመዱ ትችላላችሁ፤ ጥሩ ነው፣ ግን ሥራው የሚጀምረው ሁለተኛው ማሽን ሲመጣ ነው። ሁለት አሮጌ ኮምፒውተር ካገኛችሁ በገመድ አገናኟቸው። ካላገኛችሁ ቨርቹዋልቦክስ የሚባል ፕሮግራም በነጻ አለላችሁ፣ ሁለት ኮምፒውተር ያለ አስመስሎ አንድ ላፕቶፕ ላይ ሁለት ዴቢያን (ሌላ የሊኑክስ ዓይነት) ያስነሳል። ያለ ዴስክቶፕ ከጫናችሁት ለመለማመጃ ለእያንዳንዱ 1 ጊጋባይት ራም ይበቃዋል። አንዱ በዲኤችሲፒ፣ ለማሽኖች አድራሻ በሚሰጠው አገልግሎት፣ አይፒ የሚባለውን የቁጥር አድራሻ ያድል፣ ሌላው ይቀበል። ቀጥሎ ዲኤንኤስ፣ ስምን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይረውን አገልግሎት፣ ጨምሩበት። ከዚያ ሆን ብላችሁ አበላሹት።

የምሬን ነው፣ አበላሹት። ነገ ሥራ ላይ "ኢንተርኔት የለም" የሚል ስልክ ሲደወልላችሁ፣ ደዋዩ ችግሩ የት እንዳለ አይነግራችሁም። ገመዱ ተሰክቷል? ማሽኑ አይፒ አግኝቷል? ጌትዌዩን፣ ወደ ውጭ የሚያወጣውን በር፣ ፒንግ ስታደርጉት (አለህ ወይ ብላችሁ ስትጠሩት) ይመልሳል? ውጭ ያለ አድራሻ በቁጥር ሲጠራ መልሶ በስም ሲጠራ እምቢ ካለ፣ መጀመሪያ ዲኤንኤሱን ጠርጥሩ። ከታች ወደ ላይ፣ አንድ በአንድ። እባካችሁ ሎጉን፣ ማሽኑ የሆነውን የሚጽፍበትን መዝገብ፣ ሳታነቡ ሪስታርት አታድርጉ፤ ማሽኑ ተነስቶ ሊሠራ ይችላል፣ ለምን እንደወደቀ ግን ሳታውቁ ትቀራላችሁ፣ በሳምንቱም ተመልሶ ይመጣል።

ስለ ኤስኤስኤች፣ ሩቅ ያለ ማሽን ውስጥ በተመሰጠረ መስመር ስለምንገባበት መሣሪያ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሊኑክስ እ.ኤ.አ. በ1991 ፊንላንድ ውስጥ በተማሪው ሊኑስ ቶርቫልድስ ተጀመረ። እዚያው አገር እ.ኤ.አ. በ1995 የዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ ላይ የይለፍ ቃሎች በመስመር ላይ እየተጠለፉ ተሰረቁ፣ ታቱ ዩሎነን የሚባል ተመራማሪም ኤስኤስኤችን ሠራ። ከእሱ በፊት የነበረው ቴልኔት የይለፍ ቃላችሁን እንዳለ ገልጦ ነው የሚልከው። ዛሬ ከቤታችን ሆነን ሩቅ ያለ ሰርቨር የምናዝዘው በዚያ ስርቆት ምክንያት በተሠራ መሣሪያ ነው።

እኔም ጀማሪ እያለሁ፣ በኤስኤስኤች ክፍለ ሀገር ያለ ሰርቨር ውስጥ ገብቼ ፋየርዎሉን፣ የኔትወርኩን በር የሚጠብቀውን፣ የሚገባውን ሁሉ ዝጋ አልኩት። ኤስኤስኤች የሚገባበትን በር፣ ፖርት 22ን፣ አልከፈትኩም ነበር። ስክሪኑ እዚያው ደርቆ ቀረ። በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፍሬ ሄድኩ፣ እስክደርስ ድረስ ሰው ሁሉ ሥራ ፈትቶ ይጠብቅ ነበር፤ ያ ቀን እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ከዚያ ወዲህ ሩቅ ያለ ፋየርዎል ከመንካቴ በፊት በ5 ደቂቃ ውስጥ የድሮውን ደንብ የሚመልስ ትእዛዝ አስቀድሜ አስይዛለሁ። ከተሳካልኝ እሰርዘዋለሁ። ከተዘጋብኝ ራሱ ይከፍትልኛል።

ደግሞ የእኛን የኢንተርኔት ፍጥነት ታውቁታላችሁ። 30 ማሽን ያለው ላብ ውስጥ እያንዳንዱ ለብቻው አፕዴት ሲያወርድ ቀኑ ይመሻል። አንዱን ማሽን የፓኬጅ፣ ማለትም የሚወርዱ ሶፍትዌሮች፣ መያዣ አድርጉት፤ እሱ አንዴ ያወርዳል፣ ሌሎቹ ከእሱ በውስጥ መስመር ይወስዳሉ። ሶፍትዌሩ ነጻ ነው፣ ፈቃድ የምትጠይቁት ሰው የለም።

አሁን ከኋላችሁ ጠረጴዛው ላይ አራት ማሽንና እነሱን በገመድ የሚያገናኝ አንድ ስዊች አለ። አንደኛው ኢንተርኔት አያገኝም፣ ጠዋት ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ሻይ ከጠጣችሁ በኋላ ኑና ፈልጉት።