ሁለት እጅ ወደ ላይ

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ከደሴ፣ ከጦሳ ተራራ ግርጌ ሆኜ የማወጋችሁ በእግዚአብሔር ፊት ሕፃን ስለ መሆን ነው።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ከፊቴ አንዲት እናት ትንሽ ልጇን አስከትላ አቀበቱን ትወጣ ነበር። ልጁ ጥቂት ታግሎ ቆመና ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘረጋ። ስለ ድካሙ ይቅርታ አልጠየቀም። እናቲቱ ፌስታሏን መሬት አስቀምጣ፣ ጎንበስ ብላ በነጠላዋ አዘለችው፤ መታጠፊያው ላይ ስንደርስ ጉንጩን ትከሻዋ ላይ ጥሎ ተኝቶ ነበር።

በ15 ዓመቷ ቀርሜሎስ ገዳም ገብታ በ1897 እ.ኤ.አ. በ24 ዓመቷ ያረፈችው ፈረንሳዊቷ መነኩሲት፣ የሊዚዩዋ ቅድስት ትሬዛ፣ የቅድስናን ደረጃ ለመውጣት አቅም እንደሌላት በተረዳች ጊዜ፣ በዘመኗ በሀብታሞች ቤት የነበረውን አሳንሰር አስባ፣ የእርሷ አሳንሰር የኢየሱስ ክንዶች እንደሆኑ፣ ለዚህም ማደግ ሳይሆን ትንሽ ሆኖ መቅረት እንደሚያስፈልጋት ጻፈች። (ለእኛ ለወሎዎች አንቀልባ ቢባል ይቀርበን ነበር።) በጸሎት ሰዓት እንቅልፍ ሲያሸንፋትም አትጨነቅም ነበር፤ ልጅ ተኝቶም ሆነ ነቅቶ በወላጆቹ ዘንድ እንደሚወደድ ታውቃለችና።

እኔ ግን ትሕትናን ራስን ማዋረድ አድርጌ ኖሬአለሁ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከሁሉ ኋላ ስቀመጥ፣ መቀመጤን ማን እንዳየልኝ በዓይኔ ጠርዝ እከታተል ነበር፤ ኃጢአቴን ስናዘዝ እንኳ አነጋገሬን አሳምር ነበር። ያ ልጅ እጁን ሲዘረጋ የእናቱን ጀርባ እንጂ እኛን መንገደኞቹን አላየም።

ኢትዮጵያዊው የካቶሊክ ሰማዕት ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤልም ትዝ ይሉኛል። የጎጃም ሊቅ ሲሆኑ፣ ሃምሳ ዓመት ካለፋቸው በኋላ በዕድሜ ከሚያንሷቸው ከጣሊያናዊው የካቶሊክ ሚሲዮናዊ ከአቡነ ያዕቆብ (ዩስጢኖስ ዴ ያቆቢስ) እግር ሥር እንደ ተማሪ ተቀመጡ፤ ስልሳ ዓመት ግድም ሲሆናቸው በ1851 እ.ኤ.አ. ቅስና ተቀበሉ፤ በ1855 እ.ኤ.አ. ደግሞ ስለ ካቶሊክ እምነታቸው በሰንሰለት ታስረው ከዐፄ ቴዎድሮስ ጦር ጋር ሲነዱ አረፉ። ሊቅ ሆኖ እንደገና ተማሪ መሆን ከሰንሰለቱ ይቀላል ብዬ ለመናገር አልደፍርም።

ዛሬ ጠዋት መቁጠሪያዬን ይዤ ከጸሎቱ ክፍሎች ሦስተኛው ምሥጢር ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ከመጀመሪያው እጀምር ነበር። ዛሬ ጣቴ ካረፈበት ፍሬ ቀጠልሁ።